የአምፖሉ ቀዳዳ

«እሱማ ዕቃ ቤታችን ነው» አለች ሚስቱ፣ ድምጿ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ። መስታወት ቆራጩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ክሩ ከእጁ አመለጠው። መዝጋቢዋ ወጣት ደፍ ላይ ቆማለች። ታብሌቷን ክንዷ ላይ አስተኝታ በአንድ ጣቷ እየነካካች፣ በአገጯ የጎኑን ግድግዳ አመልክታ «በሩ ግን ለብቻው አይደል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «በሩ ለብቻው ነው፤ ቤቱ የኛ ነው። በአማቴ ጊዜም ዕቃ ቤት ተብሎ ነው የተያዘው፤ ከድሮው ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ» አለች ሚስቱ። ወጣቷ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየችና «አይደል አባባ?» አለችው። ቀና ሳይል «እ» አለ። «እ» አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም፤ ሰው ሁለቱንም ማለት ሲያቅተው የሚወረውራት ድምፅ ናት። ታብሌቱ ላይ ግን «እ» የሚባል ቦታ ስለሌለ አዎ ሆና ገባች። በዚያችው ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ ስኳር ሲያማስል የነበረ ማንኪያ ቀጥ አለ።

ማንኪያው የእማማ ቀስ ነው። እማማ ቀስ ደግሞ ዕቃ አይደሉም። ከመስታወት ቆራጩ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ በተጣበቀችው ክፍል ውስጥ እሱ ገና ጥርሱን ሳይነቅል ጀምሮ የኖሩ፣ የጉልበታቸውን ዘመን በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው ሴት ናቸው። ሁለቱን ቤቶች የሚለየው ግድግዳ አናት ላይ፣ ጣሪያው ጥግ፣ ትልቅ ሳህን የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው መሀል አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። መብራት ወደ መንገዱ የገባ ጊዜ ቆጣሪ የደረሰው ለአባቱ ቤት ብቻ ስለነበር፣ አባትየው ግድግዳውን ፈነቀሉና አንዱን አምፖል ለሁለት ቤት አበሩት። እሳቸውም መስታወት ቆራጭ ነበሩና ቀዳዳውን በመስታወት እገጥመዋለሁ ሲሉ፣ ዛሬ የሰው ሥራ አለብኝ ሲሉ፣ ነገ ሲሉ፣ ሳይገጥሙት ሞቱ። ልጃቸው ሙያውን ሲወርስ ነገ ማለቱንም አብሮ ወረሰ። ማብሪያ ማጥፊያው በዚህ በኩል ነው። እማማ ቀስ መተኛት ሲያምራቸው ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጉና «ደህና እደሩ» ይላሉ፤ ከዚህ በኩል «ደህና ይደሩ» ይባልና መብራቱ ይጠፋል። ለየብቻ ቆጣሪ ማስገባት የተቻለ ጊዜ እንኳ ለዕቃ ቤት ቆጣሪ አይሰጥም ተባለና ቀረ።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይዘው ዕድሜ ልካቸውን የኖሩ ሁለት ቤቶች ሕግ ሳያወጡ አይቀሩም። ማንም ቁጭ ብሎ አልተመካከረበትም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል፦ በቀዳዳው የተሰማ አልተሰማም። የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የልጅ ለቅሶ፣ የሐኪም ቤት ወሬ፣ ሁሉም ይሰማል፤ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ተብሎ ያልፋል። መስታወት ቆራጩ ይህችኑ ሚስቱን ሊያገባ ሲል እናቱ «ይቺን ምላሳም ቤቴ አላስገባም» ብላ አንድ ምሽት ሙሉ ስታማርር፣ እማማ ቀስ አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ሰምተዋል። በማግስቱ ሙሽራይቱን መንገድ ላይ ሲያገኟት ግን «አማትሽ ስላንቺ ማውራት ከጀመረች እኮ አታባራም» አሏት። ሙሽራይቱ ደስ ብሏት ሄደች። ውሸት አልተናገሩም፤ የሰሙትንም አላወጡም። እማማ ቀስ እንዲህ ናቸው። ሌላ ጎረቤት ብትሆን ኖሮ ማንኪያዋን ወርውራ መጥታ በሩ ላይ ትሳደብ ነበር፤ ተሳድባም ሆነ ተሰድባ ነገሩ በዚያው ይወጣ ነበር።

መዝጋቢዋ ከሰዓት በኋላ ከኃላፊው ጋር ተመልሰው ውስጡን እንደሚያዩና በሩ ላይ ቁጥር እንደሚጽፉ ነግራ ሄደች። ሚስቱ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ ደጅ አወጣችው፤ ቀዳዳው ገና አሁን ትዝ ያላት መሰለች። ነገሩን እሱም ያውቀዋል። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ይህ ረድፍ በሙሉ ይፈርሳል፤ በስሙ ለተቆጠረ አባወራ ሁሉ ምትክ ቤት ይሰጠዋል። አንድ ክፍል ያለው አንድ ክፍል ያገኛል፣ ሁለት ክፍል ያለው ሁለት። ትልቁ ልጃቸው ሾፌር ነው፤ ጢሙን ሁለት ቀን ካልላጨው አባቱን የሚያህል ሰው ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ከወላጆቹ አልጋ በመጋረጃ ተለይቶ ይተኛል። እጮኛ አለው፤ የልጅቷ ቤተሰቦች የት ሊያስገባት ነው እያሉ ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተላለፈ። እማማ ቀስ የተቆጠሩ እንደሆነ ክፍላቸው የራሳቸው ሆና ትሄዳለች፤ ዕቃ ቤት ከተባለች ደግሞ ለልጁ ትሆናለች፣ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። «ከከተማው ጫፍ የእህታቸው ልጅ አለች አይደል፤ እዚያ ይጠጋሉ» አለች ሚስቱ። «ከራስ በላይ ነፋስ ነው። እኔ ላንተ ብዬ መሰለህ? ለልጅህ ነው።»

«ሰምተዋል እኮ» አላት።

«ቢሰሙስ? የሰሙትን መቼ ተናግረው ያውቃሉ?»

ይህን ስትል እሷም ራሷ ደነገጠች። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሁለቱ መሀል ቆመ። ከዚያ መጥረጊያዋን አንስታ የተጠረገውን ደጅ ትጠርግ ጀመር።

ወደ ሱቁ ሲሄድ በእማማ ቀስ በር ማለፉ ግድ ነው፤ ሌላ መንገድ ቢኖር ዞሮ ይሄድ ነበር። በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ሩዝ ይለቅማሉ። «አደርክ የኔ ጌታ?» አሉት። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደሩ እማማ» አለ ወደ ሩዙ እያየ። «ሰማዩ ደመና ነው፤ ሹራብ አልያዝክም?» አሉ። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። እርግማንስ ተቀብለው የሚሄዱበት ነገር ነው፤ ሹራብ አልያዝክም የሚል ሰው ግን ምን ተብሎ ይመለስለታል? መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬቲቱ ግን ማንንም የመዋጥ ሐሳብ አልነበራትም፤ እሱም እግሩን እየጎተተ አለፈ።

መንገዱ ከዳቦ ቤቱ ተነስቶ ወፍጮ ቤቱ ጋ የሚያልቅ ነበር። ነበር የሚባለው ዛሬ ዳቦ ቤቱም ወፍጮ ቤቱም ስለሌሉ ነው። እሱ ልጅ ሳለ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ረድፍ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ ፍራሽ ሰፊው፣ ሰዓት ሠሪው ነበሩ፤ መስኮት ሁሉ እንጨት ስለነበር ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ ቤት ውስጥ ጨለማ ነው። የመጀመሪያውን መስታወት ለዳቦ ቤቱ የገጠሙት አባቱ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ዳቦ ሊገዛ ሳይሆን ዳቦን በመስታወት ሊያይ ተሰለፈ፤ አንድ ውሻም ከራሱ ጋር ሲጣላ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት በጎረቤት እየቀና ሁሉም ቤት መስኮት አወጣ። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የሰበሩት የአባቱን ቤት ጦም አያሳድርም ነበር፤ ሰፈሩም አባትየው ኳስ ገዝተው ለልጆች ያድላሉ እያለ ያማቸው ነበር፣ ያውም ሐሜት ብቻ አልነበረም። ኋላ ፕላስቲክ መጣና ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ገደለው፣ ስፖንጅ መጣና ፍራሽ ሰፊውን፣ ሞባይል መጣና ሰዓት ሠሪውን። በየቦታቸው የስልክ ቀፎ መሸጫና የልብስ ቡቲክ ገባ፤ ሌባ በዛ፣ መስኮት ሁሉ የብረት መዝጊያ ለበሰ። በመጨረሻ ወፍጮ ቤቱ በነበረበት ከእግር እስከ ራሱ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆመ። ገና ግንባታው ሲጀመር መስታወት ቆራጩ ሥራ መጣልኝ ብሎ ሹራቡን ቀይሮ ዘበኛውን ሊያነጋግር ሄዶ ነበር። «አባባ፣ ይሄ ተቆርጦና ተለክቶ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው» አለው ዘበኛው፣ ሳይሰድበው፣ እንዲያውም አዝኖለት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየጠዋቱ ፎቁ ውስጥ የራሱን ሰፈር ያያል፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ጎበጥ ብሎ የሚሄድ አንድ ሰው። ሰውየው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ቆም ብሎ ኮሌታውን እንኳ ያስተካክልበት ነበር። ዛሬ ራሱን ላለማየት ግንቡን ታክኮ በወዲህኛው ጥግ አለፈ።

ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም፣ የስቱኮና የእንጨት አቧራ የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የልጇን የምርቃት ፎቶ ልታስገጥም መጥታለች። ፎቶውን አየላት፣ «ይባርክልሽ» አላት፣ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛ፣ መቁረጫውን ያዘ። ይህን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ የሚያሰምረው ነው፤ መቁረጫው ግን ከማስመሪያው ሸሸና መስመሩ እንደ ሰካራም ዘመም አለ፤ መስታወቱም ያለ ቦታው ተሰነጠቀ። «ዛሬ ምን ነካዎት?» አለች ሴትየዋ። «ዕድሜ ነው» አላት። ሌላ ሲቆርጥላትም ቀና ብሎ አላያትም፤ አንዴ የዋሸ ቀን ሁለተኛውና ሦስተኛው ውሸት ተጠርተው እንደሚመጡ እንግዶች ናቸው።

የሚያንገበግበው ሚስቱ የተናገረችው «ዕቃ ቤት» የሚለው ቃል ከሌላ ቦታ የመጣ አለመሆኑ ነው። ቃሉ የአባቱ ነው። እሱ ልጅ ሳለ፣ በከተማው የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ያለበት ክፍል እየተለቀቀ ለሌላ ይሰጥ የተባለበት ጊዜ ነበር። እማማ ቀስ ያን ጊዜ ወጣት ናቸው፤ ከሩቅ አገር መጥተው አባቱ ያስጠጓቸው፣ ማንንም የማያውቁ ልጃገረድ። መዝጋቢዎቹ እየመጡ ነው ሲባል አባትየው የልጅቷን አልጋ ግድግዳ ላይ አቁመው፣ የመስታወት ሣጥኖቻቸውን ከሱቅ አሸክመው ክፍሉን እስከ በሩ ሞሉት፤ ልጅቷን በራሳቸው ቤት መጋረጃ ውስጥ ደበቋት። ሰዎቹ መጥተው በሩን ሊገፉ ሲሉ «ዕቃ ቤቴ ነው። ቀስ በሉ፣ መስታወት ነው» አሏቸው። መዝጋቢዎቹ ሰብረን እንዳንከፍል ብለው አንገታቸውን ብቻ አስግገው አይተው ሄዱ። እሱ መጋረጃው ውስጥ ልጅቷ ጉያ ተወሽቆ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በሣጥኖቹ መሀል ኖረች፤ የገባ የወጣውን ሁሉ «ቀስ፣ ቀስ» ስትል ስሟ ጠፍቶ ቀስ ቀረ። ሣጥኖቹ እስከ ዛሬ አልጋቸው ሥር አሉ። አባቱ ሰው ለማስጠጋት የዋሿትን ውሸት እነሆ ልጃቸው ሰው ለማስወጣት አዋላት።

ቀትር ላይ እማማ ቀስ ራሳቸው ከሱቁ ደፍ ላይ ብቅ አሉ። መዳፋቸው ውስጥ የሹራብ ክር ጠቅልለው ይዘዋል፤ ሁለት ቦታ ቋጥረውታል። «እስከዚህኛው ቋጠሮ ቁመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወርዱ» አሉ፣ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው። «ይህን የሚያህል ቁረጥልኝ።» ልኬቱን ለማወቅ ክሩን ማንሳት አላስፈለገውም። ሕይወቱን ሙሉ ተጋድሞ ያየው ቀዳዳ ነው።

«ምን ሊያደርጉበት ነው እማማ?» አለ፣ እያወቀ።

«ነፋስ ይገባል።»

ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ምን ነፋስ ይገባል? ከዚህ ያለፈ ግን ቃል አልጨመሩም፤ ሕጉ አይፈቅድም። መስታወት ቆራጩ ጎንበስ አለ። መቁረጫው አሁን አልሸሸም፤ ጭር ብሎ በአንድ ትንፋሽ ወረደ፣ መስታወቱም በአንዲት ድምፅ ተለየ። ጣታቸውን እንዳይቆርጣቸው አራቱንም ጠርዝ በድንጋይ አለሰለሰው፣ ለወትሮው ከሚያደርገው በላይ ደጋግሞ አለሰለሰው፣ ለመጨረስ ፈራ። ሲጨርስ «ስንት ነው?» አሉት። በዚህ ሱቅ ውስጥ፣ በአባቱም ሆነ በእሱ ዘመን፣ እማማ ቀስ ይህን ጠይቀው አያውቁም። «ኧረ እማማ ይተዉ» አለ። «አይ፤ ሥራ ሥራ ነው» አሉና የታጠፈ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው አለሰለሱት። «ማታ ስትገባ ይዘኸው መጥተህ ትገጥምልኛለህ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ሚስማር መምታት ትቻለሁ።» ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «ልጁስ? ሠርጉ ምን ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። «እንግዲህ... ይደርሳል» አለ። «ይድረስለት። ብዙ ጠበቀ፣ ምስኪን» አሉና መቃኑን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ።

ገንዘቡን ሳይነካው ብዙ ተቀመጠ። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቃል፣ ባያዩት ይሰርቃል ይባላል፤ እሱ ግን እያዩት ነው የሰረቀው፣ መሳቁም አልሆነለት። ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቡ ቆረጠ። ይቅር፤ ልጁ ይጠብቅ፤ ሚስቱም ታኩርፍ። ብድግ ብሎ ሱቁ መሀል ቆመና ተሰንጥቀው ለተደገፉት መስታወቶች «ጠዋት የተባለው ስህተት ነው፤ ክፍሏ የእሳቸው ናት፤ እኔ ምስክር ነኝ» አላቸው። ድምፁ አማረ። ደገመው፤ ይብስ አማረ። ባዶ ሱቅ ውስጥ ጀግና ያልሆነ ማን አለ? መስታወቱን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ሱቁን ከሰዓቱ በፊት ዘግቶ ወጣ፤ በፎቁ ፊት ሲያልፍም ራሱን ለማየት አልፈራም።

ሲደርስ ሰዎቹ ቀድመውታል። ጠዋት የመጣችው ወጣት፣ ካፖርት የደረበ ኃላፊ፣ የቀለም ጣሳና ብሩሽ የያዘ ሰው በእማማ ቀስ በር ፊት ቆመዋል። ሚስቱ ክንዶቿን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ትልቁ ልጅም ሰምቶ መኪናውን አቁሞ መጥቷል፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ አባቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ይህ ልጅ ሠርጉ ለሁለተኛ ጊዜ ከተላለፈ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ታይቶ አያውቅም። «አባዬ፣ አልቋል በለው» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። መስታወት ቆራጩ ወደ ኃላፊው አንድ እርምጃ ተራመደ። «ጌታው፣ እኔ...» ሲል በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

እማማ ቀስ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ክፍሉ ክፍል አልነበረም። አልጋው ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ የሻይ ብርጭቆዋ የለች፣ ልብሳቸው የለ፣ ጫማቸው የለ። ከአልጋው ሥር ወጥተው በሩ ድረስ የተደረደሩት የአባቱ የመስታወት ሣጥኖች ብቻ ናቸው፤ አቧራቸው እንኳ አልተጠረገም፣ እንዲያውም ሆን ተብሎ የተተወ ይመስላል። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ወገብ፣ ብቻቸውን እንዴት እንዳንቀሳቀሷቸው እግዜር ይወቀው። ኃላፊው ሊገባ እግሩን ሲያነሳ እጃቸውን ዘረጉ። «ዕቃ ቤታቸው ነው» አሉ። «ቀስ በሉ፣ መስታወት ነው።»

ኃላፊው እግሩን መለሰ። «እርስዎስ እናቴ?» አላቸው። «እኔማ የእህቴ ልጅ ዘንድ ነኝ፤ እዚህ ላጸዳላቸው እመጣለሁ» አሉ፣ የነተበ ሹራባቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው። ኃላፊው ወደ መስታወት ቆራጩ ዞረ። «ዕቃው የእርስዎ ነው?» ዕቃው እውነትም የእሱ ነበር፤ ጥያቄው ለምን በዕቃው እንደጀመረ እግዜር ይወቅ፣ ብቻ እሱን አጠፋው። «አዎ» አለ። «ክፍሉስ?» የልጁ ቁልፍ መሽከርከሩን አቆመ። ሚስቱ መሬት መሬት አየች። እማማ ቀስ ወደ እሱ አላዩም፤ ማየት ያለባቸው ነገር እንደሌለ ሁሉ የበሩን መቃን ይጠርጉ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያማረው ድምፅ የት እንደገባ ጠፋ፤ ፈለገው፣ አጣው። «አዎ» አለ ደግሞ። ይህኛው «እ» አልነበረም። ጥርት ያለ፣ ሰው ሁሉ የሰማው አዎ ነው። ቀለም የያዘው ሰው በሁለቱም በሮች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በቀይ ጻፈ። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ እማማ ቀስ «ቀስ ልጄ፣ ልብስህን እንዳይነካህ» አሉት።

ሰዎቹ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄዱ። ልጁ አባቱን ትከሻውን ሳም አድርጎ ለእጮኛው ሊደውል ወጣ። ሚስቱ ገብታ በሯን ዘጋች። መስታወት ቆራጩ ወደ እማማ ቀስ ክፍል ገባና ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰ፣ አልጋውን አወረደ፣ የፍራሹን ገመድ ፈታ። እሳቸው ከሣጥን ጀርባ ብርጭቆዋን፣ ጫማቸውን፣ ትንሿን ራዲዮ እያወጡ በየቦታቸው ያኖራሉ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጣቸው «እማማ፣ ጠዋት የተባለውን ሰምተዋል አይደል?» አላቸው። በዚያ ግድግዳ ታሪክ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ምኑን?» አሉ።

«ባለቤቴ ያለችውን። እኔም ዝም ያልኩትን።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«እማማ፣ እባክዎን...»

«አልሰማሁም አልኩህ» አሉ፣ ራዲዮዋን በሹራባቸው እጅጌ እየወለወሉ። ድምፃቸው አልከረረም። «መዝጋቢ የመጣ እንደሆነ ዕቃ ቤት ነው በይ ያሉኝ አባትህ ናቸው። ሰው ያስተማሩትን ነው የሚለው። አሁን ሳይጨልም መስታወቱን ግጠምልኝ።»

እንዲሰድቡት ፈልጎ ነበር። በጥፊ ቢሉት እጃቸውን ይስም ነበር። «አንተን ያኔ ጉያዬ ውስጥ አልደበቅኩህም?» ቢሉት ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምን ነበር። ያልሰማ ሰው ግን ምን ብሎ ይቅር ይላል? ወንበር ስቦ ወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዳዳውን በዚህ በኩል አየው። የራሱ ቤት ወለል ብሎ ይታያል፤ መጋረጃው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባቱ ፎቶ፣ አልጋው፣ የአልጋው ጠርዝ፣ ጠዋት ጫማውን እያሰረ የተቀመጠባት ቦታ። ሚስቱ እዚያችው ቦታ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ ወለሉን ታያለች። ቀና ብትል ይተያዩ ነበር፤ ቀና አላለችም። አምፖሉን በወዲያኛው በኩል ትቶ መስታወቱን ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው፤ ልኩ ቅንጣት አልሳተም። በትንንሽ ሚስማር ያዘው፣ ዙሪያውን ስቱኮ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ደፈነው። «እስኪደርቅ እንዳይነካ» አለ ከልማዱ። «ማን ይነካዋል» አሉ እማማ ቀስ ከታች፣ እንዳይወድቅ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ይዘውለት።

ሲመሽ በቤቱ ውስጥ ሦስቱ ራት በሉ፤ ልጁ ስለ ሠርጉ ቀን አወራ፣ እናቱ እህ አለች፣ አባቱ እህ አለ። አምፖሉ እንደ ወትሮው ለሁለት ቤት ይበራል። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ኳ ኳ አለ። መስታወት ቆራጩ ተነስቶ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ቆመ፣ ጣቱን አስቀምጦ «ደህና እደሩ» የሚለውን ጠበቀ። ከወዲያ አንዳች ነገር ተሰማው፣ ወይም የተሰማው መሰለው፤ ቃል ይሁን ሳል ይሁን አልለየውም። «ደህና ይደሩ እማማ» አለ። መልስ የለም። ጮክ ብሎ ደገመው፤ ልጁ ንግግሩን አቋርጦ ዞር ብሎ አየው፤ ሚስቱ አላየችውም። መስታወቱ የገዛ አምፖሉን እንጂ ምንም አያሳየውም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ረድፉ እስኪፈርስ ድረስ፣ በየምሽቱ ግድግዳው ኳ ኳ ባለ ቁጥር፣ እማማ ቀስ ደህና እደሩ ብለው እንደሆነ ወይ ሳይሉ ቀርተው እንደሆነ ሳያውቅ መብራቱን ያጠፋ ነበር።